ሦስት ንድፎች ለአንድ ማድቤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የቆየው ተረት። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሹማምንት መለዋወጥ ቢሆንም፣ ቃል በቃል ሲወሰድ ማድቤት ለማደስ እርሳስ ያነሣውን ባለሙያ ሁሉ የሚገሥጽ ነው። ማጠቢያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ማብሰያውን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር፣ የመደርደሪያውንም ቀለም መለወጥ ጉልቻ ከመለዋወጥ አያልፍም። ወጡ የሚጣፍጠው፣ ማለትም የቤቱ ኑሮ የሚቃናው፣ ማን እንደሚያበስል፣ በምን እሳት እንደሚያበስል፣ ሲያበስልም ከማን ጋር እንደሚውል አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ የመጀመሪያው ንድፍ ነው። ይኸውም ደንበኛው ሐሳቡን ከገለጠ በኋላ፣ ዝርዝር ፕላን ሳይነሣና የሥራ ውል ሳይፈረም የሚቀርቡት ሁለት ወይም ሦስት አማራጮች ማለት ነው። በብዙ ቢሮዎች ይህ ሥራ እንደ ቀላል ነገር ይቆጠራል። አንድ ምሽት ይበቃዋል ይባላል፤ ለጀማሪ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ዋጋ ሳይከፈልበት ያልፋል። ነገር ግን በእድሳት ሥራ ላይ የሚደርሰው ጸጸት ብዙውን ጊዜ የሚዘራው በዚያው ምሽት ነው። ግድግዳ ከፈረሰ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ዋጋው በሲሚንቶና በብረት ይታሰባል፤ በእርሳስ ጊዜ የመጣ ጥያቄ ግን ከአንድ ወረቀት በላይ አያስወጣም። ስለዚህ አማራጭ ንድፍ ለደንበኛው የሚሰጥ መልስ አይደለም፤ በመስመር የተጻፈ ጥያቄ ነው። የዚህ ንግግር ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

ከሌላ ሀገር የተገኘ ትምህርት

የዘመናዊው ማድቤት ታሪክ ለዚህ ነጥብ ጥሩ ምስክር ይሆናል። በ1926 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊቷ የሕንፃ ባለሙያ ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ በጀርመን ሀገር ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያዎች የሚሆን ማድቤት ነደፈች። ስፋቱ 1.90 ሜትር፣ ርዝመቱም 3.40 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ባለሙያዋ የቤት ሥራን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ ያጠኑ ሰዎችን ጽሑፍ መረመረች፤ በጠባብ ቦታ ለብዙ መንገደኛ ምግብ የሚሰናዳበትን የባቡር ማድቤትም ተመለከተች። ከዚያም እያንዳንዱን ዕቃ እጅ በሚደርስበት ሥፍራ አኖረች። ማድቤቱ በ10,000 ያህል ቤቶች ውስጥ ተሠራ፤ ዛሬ በየሀገሩ የሚታየው ተገጣጣሚ ማድቤትም ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። የሚያስደንቀው ግን ባለሙያዋ ይህን ንድፍ ከማውጣቷ በፊት ራሷ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ በኋለኛው ዘመኗ መናገሯ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው የሚያጽናና ነው፤ የማያበስል ሰውም ቢሆን ቀርቦ ካየ፣ ከጠየቀና ከለካ ለሚያበስለው ሰው የሚበጅ ቦታ ሊነድፍ ይችላል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ያ ማድቤት የተለካው ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሰው ሲገባበት ይጣበባል፤ ልጅም ከእናቱ እግር ሥር ሊጫወትበት አይችልም። የእመቤቲቱ ድካም ቢቀልም ብቻዋን ቀረች የሚል ነቀፌታ በኋላ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ይወስናል ማለት ነው።

እንዲሁም ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያስፋፉት «የሥራ ሦስት ማዕዘን» የሚባል መመሪያ አለ። በማጠቢያው፣ በማብሰያውና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው መንገድ ተደምሮ ከ4 ሜትር እንዳያንስ፣ ከ8 ሜትርም እንዳይበልጥ ያዝዛል። መመሪያው ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ውስጥ ሦስት ማዕዘኑ አራተኛ ነጥብ አለው፤ እርሱም ምጣዱ ነው። ቡናው የሚፈላበት ሥፍራ ደግሞ አምስተኛ ይሆናል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን የሚቦካበት ጥግ፣ ውኃ ሲቋረጥ የሚቀዳበት በርሜል፣ ለበዓል ብቻ የሚወርደው ትልቅ ድስት የሚቀመጥበት ቦታ በመመሪያው ውስጥ ስም የላቸውም። ስም የሌለው ነገር በንድፍ ላይ ይረሳል፤ በንድፍ ላይ የተረሳውም በመተላለፊያ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

አንድ ቤት እንደ ምሳሌ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፣ ለማስረዳት ያህል በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ቤት ይታሰብ። ትልቁ ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከሳሎኑ ጀርባ 2.40 በ3.60 ሜትር የሆነች ጠባብ ክፍል አለች፤ ማጠቢያው፣ ፍሪጁና ቡታጋዙ በእርሷ ውስጥ ናቸው። ከግቢው ማዶ በ7 ሜትር ርቀት ሰርቪስ ቤቱ አለ፤ በውስጡም ዕቃ ቤት፣ የሠራተኛ ክፍልና በጭስ የጠቆረ ማድቤት ይገኛሉ። እንጀራው የሚጋገረው በዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም የእንጨት ምጣድም አለ፤ ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ነው።

ባለቤቶቹ በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። ገንዘቡን የምትልከው በአሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ናት፤ ከገንዘቡም ጋር ፎቶግራፍ ልካለች። በፎቶግራፉ ላይ ማድቤትና ሳሎን ያለ ግድግዳ አንድ ሆነው፣ በመካከላቸውም ባለ ድንጋይ ገበታ ሰፊ ጠረጴዛ ቆሞ ይታያል። አባት ፎቶግራፉን ለባለሙያው ሲሰጡ፣ «እንግዲህ ልጅቷ ያለችው ይኸው ነው፤ እንደዚህ አድርገህ ሥራልን» አሉት።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው ወደ ቢሮው ተመልሶ ፎቶግራፉን በልክ ቢገለብጥ ማንም አይወቅሰውም፤ የታዘዘውን ፈጽሟልና። ይሁን እንጂ ደንበኛ የሚለው ቃል በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው አይደለም። አንዷ ትከፍላለች፤ አንዱ ይወስናሉ፤ እመቤቲቱ ያዝዛሉ፣ ያበስላሉም፤ ሠራተኛዪቱ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ሰዓት በእሳቱ ፊት ታሳልፋለች። ከአራቱ የአንዱ ቃል ብቻ ከተሰማ ንድፉ ሩብ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማለዳ ለመምጣት ፈቃድ ጠየቀ። መጥቶም ወንበር አስጠግቶ ዝም ብሎ ተመለከተ። ሠራተኛዪቱ ግቢውን ስንት ጊዜ እንደምታቋርጥ በወረቀት ጠርዝ ላይ ጭረት አደረገ፤ ምጣዱ ሰምቶ የመጨረሻው እንጀራ እስኪወጣ ድረስ 23 ጭረት ሆነ። ውኃ ለማምጣት፣ ሊጥ ለመሸከም፣ ማሰሻ ረስቶ ለመመለስ፣ መሶብ ለማድረስ ነው።

«እትዬ፣ ምጣዱ ወደ ውስጥ ቢገባ ደስ ይልዎታል?» ሲል እመቤቲቱን ጠየቃቸው።

«መግባቱንስ ይግባ፣ ልጄ፤ መብራት የጠፋ ዕለትስ? እንጨት ሳሎን ላነድ ነው?» አሉት።

ሠራተኛዪቱ ስትጠየቅ ወደ እመቤቲቱ ተመልክታ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እትዬ ያሉት ነው» አለች። ባለሙያው አልቸኮለም። ምጣዱ ከታጠፈ በኋላ ስለ ክረምቱ ሲያነሣባት፣ «በዝናብ ጊዜ ሊጡን ተሸክሜ ስሻገር ድንጋዩ ያዳልጠኛል። አምና ከነቡሃቃው ወድቄያለሁ» ስትል መለሰች። እመቤቲቱ ይህን የሰሙት በዚያን ጊዜ ነበር።

ባለሙያው ቀጥሎ ሜትሩን አወጣ። ከግድግዳው በፊት የለካው ሰዎቹን ነው። የሥራ ገበታ ከቆመ ሰው ክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይመቻል፤ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 90 ሳንቲ ሜትር ግን ለሁሉም ቁመት አይስማማም። ምጣድ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ የምትጋግረው ሴት ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ስታፈስ የማዶውን ጠርዝ ከላይ ማየት አለባትና። ትክክለኛው ከፍታ የሚገኘው ጥቂት ብሎኬት ደርቦ ምጣዱን በላዩ አስቀምጦ ጋጋሪዋ ራሷ «ይብቃ» እስክትል ድረስ በመሞከር ነው።

ከዚህ በኋላ ሳይታዩ የማይታለፉ ነገሮች ተመዘገቡ። በሳሎኑና በጠባቧ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ የጣራውን ሸክም የተሸከመ መሆኑ ኮርኒሱ ተከፍቶ ታየ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከቆጣሪው የሚነሣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር የከበደ በመሆኑ ሲያመልጥ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ ውጭ ይቀመጥ ዘንድ፣ ክፍሉም ከወለሉ አጠገብ መተንፈሻ ይኖረው ዘንድ ግድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ምግቡ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል፤ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይበዛል።

ጭሱን በተመለከተ ብዙ ማተት አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነሣ ጭስና የተበከለ አየር የተነሣ በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከሰልም ቢሆን ጭስ አልባ መስሎ ሽታና መልክ የሌለው መርዝ ያወጣል። ስለዚህ በማድቤት ንድፍ ላይ የጭስ ማውጫና የመስኮት አቀማመጥ ከመደርደሪያ በፊት ይሣላል።

ሦስቱ ንድፎች

አማራጮች እርስ በርሳቸው የሚለዩት በመሠረት መሆን አለበት። ሦስት ወረቀት ላይ አንዱን አሳብ በሦስት ቀለም ማቅረብ ምርጫ አይባልም። በዚህ ቤት ውስጥ መሠረቱ ጥያቄ «እሳቱ የት ይሁን?» የሚል ነው፤ ሦስቱ ንድፎችም ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጡታል።

የመጀመሪያው ንድፍ እሳቱን በነበረበት ይተወዋል። ሰርቪስ ቤቱ ይታደሳል፤ ጭስ ማውጫ፣ ሰፊ መስኮትና የውኃ ቧንቧ ይገባለታል፤ ግቢውን የሚያቋርጥ ጣራ ያለው፣ ወለሉ የማያዳልጥ መተላለፊያ ይሠራል። በትልቁ ቤት አንዲት ብሎኬት አትነቃነቅም። ወጪው ከሦስቱ ያነሰ ነው። ነገር ግን እመቤቲቱ ከእንግዶቻቸው እንደ ራቁ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ንድፍ እሳቱን ወደ ደጃፍ ያመጣዋል። ከትልቁ ቤት ጀርባ 2.50 ሜትር ወደ ግቢው ተወስዶ መጋገሪያ ክፍል ይጨመራል፤ ሁለት ምጣድ፣ የራሱ ጭስ ማውጫ፣ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም የሚከፈት በር ይኖረዋል። የሊጡ መንገድ ከ7 ሜትር ወደ 2 ሜትር ይወርዳል። በአንጻሩ ግቢው ይጠባል፤ የነባሯ ክፍል መስኮት ስለሚደፈን ከጣራ ብርሃን ማምጣት ያስፈልጋል፤ አዲሱና አሮጌው ጣራ የሚገናኙበት አሸንዳ በጥንቃቄ ካልተሠራ ክረምቱ ውስጥ ይገባል፤ የግንባታ ፈቃድም ይጠየቃል።

ሦስተኛው ንድፍ የፎቶግራፉ ነው። ግድግዳው ይፈርሳል፤ በምትኩ ሸክሙን የሚይዝ ቢም ይገባል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጭስና እንፋሎት በሚስብ ማውጫ ሥር ይቀመጣል፤ የእንጨት ምጣዱ በሰርቪስ ቤቱ ይቆያል። ሳሎኑ ይሰፋል፤ ብርሃን ይገባል፤ የሚያበስለውና የሚጫወተው አንድ ላይ ይሆናል። ወጪው ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ የቁሌቱ ሽታ በመጋረጃው ያድራል፤ መብራት በጠፋ ቀንም 7 ሜትሩ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስቱም በአንድ ልክ፣ በአንድ እርሳስ፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ተነሡ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ከታየ ስሕተት ነው። ባለሙያው የወደደውን በቀለም አስውቦ፣ ያልወደደውን በችኮላ ጭሮ ቢያቀርብ ደንበኛውን አላስመረጠም፤ ገፍቶታል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አንዱን መልካም ንድፍ ለማድመቅ ሁለት የማይረቡ ንድፎችን ማጀብ ነው። ለእያንዳንዱ አማራጭ ባለሙያው ራሱ ሊኖርበት የሚችል ያህል ሊደክምለት ይገባል፤ ካልቻለ ወረቀቱን ይቅደደው። በየንድፉም ግርጌ የሚያስገኘው ብቻ ሳይሆን የሚያሳጣውም በግልጽ አማርኛ ይጻፍ። እርሳስ የሚመረጠውም ደንበኛው እጁን ዘርግቶ «ይህንንስ ወዲህ ብናደርገው?» ለማለት እንዲደፍር ነው፤ ያለቀ የመሰለ ሥዕል ግን አፍ ያስይዛል።

በጠመኔ የተሣለ ቤት

ፕላን ማንበብ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ብዙ ደንበኞች አልገባንም ማለትን ስለሚያፍሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ይፈርማሉ። ስለዚህ ባለሙያው ሦስቱን ወረቀቶች ካሳየ በኋላ በግቢው ስሚንቶ ላይ እያንዳንዱን ንድፍ በትክክለኛው መጠን በጠመኔ ሣለው፤ ገበታው የሚቆምበትን በሳጥን፣ ምጣዱን በአክንባሎው አመለከተ። ከዚያም እመቤቲቱና ሠራተኛዪቱ በመስመሮቹ መካከል እንደሚሠሩ ሆነው እንዲመላለሱ ለመናቸው።

በሦስተኛው ንድፍ ላይ እመቤቲቱ ከማጠቢያው ዞር ሲሉ፣ ሠራተኛዪቱ አክንባሎውን ይዛ ስታልፍ ተጋጩ። ሁለቱም ሣቁ። ባለሙያው ግን አልሣቀም፤ መተላለፊያውን 90 ሳንቲ ሜትር ያደረገው እርሱ ነበርና። ለአንድ ሰው መተላለፊያ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ለሚሠሩበት ደግሞ 1.20 ሜትር እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ሰፊው ጠረጴዛ እንዲገባለት ሲል በራሱ እጅ የፍራንክፈርቱን ስሕተት ደግሞት ነበር። ስሕተቱም በጠመኔ የተሠራ ስለነበረ በእርጥብ ጨርቅ ጠፋ።

አባት ይህን ሁሉ ከበረንዳው ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያም ስልካቸውን አውጥተው ወደ ልጃቸው ደወሉ፤ ፎቶግራፉም በቀጥታ የማይሠራበትን ምክንያት ባለሙያው እንዲያስረዳ ስልኩን ሰጡት። እርሱ ግን ከማስረዳቱ በፊት፣ «ከፎቶግራፉ የወደዱት ምኑን ነው?» ሲል ጠየቃት። ልጅቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ስለ ድንጋዩም ስለ ጠረጴዛውም አላነሣችም። በልጅነቷ በየበዓሉ ሳሎኑ በእንግዳ ሲሞላ እናቷ ማዶ ሆነው በጭስ ውስጥ ይውሉ እንደነበረ፣ ሣቁ ሲሰማ «ምን ተባለ?» እያሉ ልጆቹን ይጠይቁ እንደነበረ ተናገረች። «እማዬ የእንግዶቹን ጫወታ እንድትሰማ ነው» አለች።

ፎቶግራፉ የያዘው ጥያቄ በዚህ ጊዜ ተገለጠ። ልጅቱ የጠየቀችው ግድግዳ እንዲፈርስ አልነበረም፤ በወቅቱ የነበራት ቃል ግን ፎቶግራፉ ብቻ ነበር። ባለሙያውም ሁለተኛውን ንድፍ አንሥቶ በተሸካሚው ግድግዳ ላይ 1.40 ሜትር ስፋት ያለው፣ በላዩ አጭር ቢም የገባለት፣ ሲያስፈልግ የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ጨመረበት። ምጣዱና ቁሌቱ በጀርባ ባለው ክፍል ይቀራሉ፤ ወጡ የሚጨለፍበት፣ ሰላጣው የሚከተፍበት፣ ቡናው የሚሰናዳበት ገበታ ከመስኮቱ ሥር ይሆናል። እመቤቲቱ ቆመው ሲሠሩ ሳሎኑ ከፊታቸው ነው። ሠራተኛዪቱም ክረምት ከበጋ ሊጡን በጣራ ሥር ታመላልሳለች። በመጋገሪያው ክፍል መቀመጫዋ ከመስኮቱ አጠገብ እንዲሆንም በወረቀቱ ላይ ተጻፈ፤ ያልተጻፈ ነገር በሥራ ጊዜ ይረሳልና።

ይህ አራተኛ ንድፍ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ነገር ግን ያለ ሦስቱ አይገኝም ነበር። የመጀመሪያው ንድፍ የሚያዳልጠውን ድንጋይ አሳየ፤ ሁለተኛው የእሳቱን ቦታ አመለከተ፤ ሦስተኛው ደግሞ ተሠርቶ ሳይሆን ተሞክሮ በመውደቁ ልጅቱን አናገራት። አማራጮች የሚመዘኑት ከመካከላቸው አንዱ በመመረጡ አይደለም፤ ደንበኛው አስቀድሞ ሊናገረው ያልቻለውን እንዲናገር በማስቻላቸው ነው። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ንድፍ ሥራ በውል ውስጥ ተለይቶ ሊጻፍና ሊከፈልበት ይገባል፤ በነፃ የተሰጠ ሥራ በችኮላ ይሠራልና።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

በአማርኛ ትዳር መመሥረት ሦስት ጉልቻ መመሥረት ይባላል። ሦስት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድስት በሁለት ጉልቻ ላይ አይቆምምና። የማድቤት ንድፍም እንዲሁ ነው። የሚከፍለው፣ የሚወስነውና የሚያበስለው ሦስቱም ካልተሰሙ በላዩ የሚጣደው ነገር ያዘነብላል። እርሳስ ያነሣ ባለሙያም ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት ሦስተኛዋ ጉልቻ የት እንዳለች ይፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ከግቢው ማዶ፣ ጭስ ካለበት ነው።